የቤታችን መስከረም የማን ነው?

በየዓመቱ ጳጉሜን አልፋ መስከረም ሲጠባ የከተሞቻችን ገበያ በሁለት ዓይነት አበባ ይሞላል። አንደኛው ከየጋራውና ከየሜዳው ተለቅሞ በየመንገዱ ዳር በእቅፍ የሚሸጠው ዐደይ አበባ ነው። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ በካርቶን ታሽጎ የመጣው፣ የማይጠወልገውና የማይሸተው የፕላስቲክ ቱሊፕ፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ የፕላስቲክ የቼሪ ቅርንጫፍ ነው። ዐደዩ በሳምንቱ ከቄጤማው ጋር ተጠርጎ ይወጣል፤ ፕላስቲኩ ግን በሳሎኑ ማእዘን ተተክሎ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲሰበስብ ይከርማል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚሁ ይነሣል። ቤትን በወቅቱ ቀለም ማስዋብ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንድ ሕዝብ ዓይኑን በምን እንደሚያሠለጥንና የእጅ ባለሙያውን በምን ያህል እንደሚያከብር የሚገለጽበት የባህል ጥያቄ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ እንነጋገር። በዘመን አቆጣጠራችን ዓመቱ ለአራት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። እንግዲህ የአበባችን ወራት መፀው ነው። ይሁን እንጂ የአበባ ወቅትን ሁሉ ጸደይ ብሎ መጥራት ከመለመዱ የተነሣ፣ ዛሬ መስከረምን «ጸደይ» የማይል ገጣሚና ዜና አንባቢ ማግኘት ያስቸግራል። የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንት ትተነው ባለፍን። ነገር ግን ስሙን ተከትሎ ቀለሙ መጣ፤ ቀለሙንም ተከትሎ ዕቃው መጣ።

በሰሜኑ ዓለም የአበባው ወራት የሚመጣው በረዶ ቀልጦ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠራ፣ ፀሐይዋም ገና ሳትበረታ ነው። ስለዚህም የዚያ አገር ሰው ቤቱን በፈዛዛ ሮዝ፣ በውኃማ ሰማያዊና ወተት በመሰለ ቢጫ ማስጌጡ ከተፈጥሮው ጋር የተስማማ ነው፤ ከዚህ ጋር ጠብ የለንም። የእኛ መፀው ግን ከሦስት ወር ዝናብ በኋላ ድንገት የሚፈነዳ ነው። የዐደዩ ቢጫ ድፍን ቢጫ ነው። አረንጓዴው ጥቁረት እስኪቀላቅል ድረስ የጠለቀ ነው። አፈሩ ወይ ቀይ ወይ ዋልካ ነው፤ ሰማዩም ታጥቦ የወጣ ነው። ከዚህም በላይ አዲስ አበባን የመሰለች ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ የፀሐይዋ ብርሃን ብርቱ ነው። በዚህ ብርሃን ፊት ፈዛዛ ቀለም ብዙ ጊዜ ታጥቦ እንደ ነጣ ጨርቅ ሆኖ ይታያል። በመስኮታችን ውጭ ዐደይ እየነደደ በመስኮታችን ውስጥ የሌላ አገር የመጋቢት ወር ቀዝቅዞ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህን እውነት ከማንኛችንም አስቀድመው ያወቁት የእጅ ባለሙያዎቻችን ናቸው። የስፌት ሙያተኛዋ ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶዋን ለቅማ፣ አክርማዋን አዘጋጅታ፣ አለላዋን በቀይ፣ በወይን ጠጅ፣ በአረንጓዴና በብርቱካን ቀለም ነክራ ወስፌዋን ስታነሣ፣ የምትሠራው በዚህ ፀሐይ ሥር ጎልቶ የሚታይ ቀለም ነው። ሸማኔው ነጩን ሸማ ሰፊ ሜዳ አድርጎ ጥበቡን በጠርዙ ላይ ብቻ ሲያነድደው፣ ቀለም የሚደምቀው በዙሪያው ዕረፍት ሲያገኝ መሆኑን ያሳየናል። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በብዙ ሰዓት የሚሰጠው የቀለም ንድፈ ሐሳብ በአንድ ነጠላ ጠርዝ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የቤት ውስጥ ማስዋብ ከውጭ የተማርነው ጥበብ ነው የሚል ካለ ወደ ሐረር ጁገል ይሂድ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ ከግንቦቿና ከበሮቿ ባልተናነሰ በቤቶቿ ውስጥ ትታወቃለች። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች፣ ከነጩ ግድግዳ ጋር የሚነጋገረው ቀይ ቀለም፣ በግድግዳው ላይ በሥርዓት የተሰቀሉት ስፌቶችና የተደረደሩት ዕቃዎች ቤቱን የሴቶች የሥነ ጥበብ ትርኢት ያደርጉታል። በሀላባ የጎጆው ግድግዳ ራሱ ሥዕል ነው። በጉራጌ መስቀል ሲቃረብ ሴቶች ቤቱን ይለቀልቃሉ፣ ያድሳሉ፣ ዕቃውንም ወልውለው በቦታው ይሰቅላሉ፤ ወቅቱ ከደጅ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳውም ላይ ይገባል። የዶርዜ ሰው ደግሞ ቤቱን እንዳለ ከቀርከሃ ይጠልፈዋል፤ እግሩን ምስጥ ሲበላው ከሥሩ ቆርጦ ዝቅ እያደረገ ለብዙ ዓመት ይኖርበታል። ይህ ሁሉ እያለን የቤት ውበትን ትርጉም ከካርቶን ላይ ስንፈልግ መገኘታችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለውን የአበው ቃል ያስታውሳል።

ለዚህ አቋም ሦስት ተቃዋሚዎች አሉ። ለእያንዳንዳቸው መልስ መስጠት ይገባል።

የመጀመሪያው «ሕዝቡ የዕለት ጉርሱን በሚያስብበት ጊዜ ስለ ግድግዳ ቀለም ማውራት ቅንጦት ነው» ይላል። ይህ ሰው ሕዝቡን አያውቀውም። ድኻዋ እናት ለዓውደ ዓመት የምትጎዘጉዘው ቄጤማ፣ በጭቃ ግድግዳዋ ላይ የምትቀባው ነጭ አፈር፣ በጀበናዋ አጠገብ የምታኖረው የዐደይ ጭብጥ ከቅንጦት አይቆጠርም። ውበትን የሀብታም ብቻ አድርጎ የሚያየው ራሱ የሀብታም ዓይን ነው።

ሁለተኛው «ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ የእጅ ሥራው ውድ ነው» ይላል። ይህ ከበድ ያለ ክርክር ስለሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። አዎን፣ ጥሩ መሶብ ውድ ነው። የአንድ ትልቅ መሶብ ስፌት ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይበላል። ነገር ግን ርካሽ የሚባለው ዕቃ የተሠራበት ድካም በሌላ አገር፣ በማናየው ሰው ላይ ስለ ወደቀ እንጂ ድካም ስለ ሌለበት አይደለም። ደግሞም ፕላስቲኩ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ነጥቶና ተሰባብሮ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል፤ የተጣለውም አፈር አይሆንም። በወጉ የተያዘ ስፌት ግን ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። አቅም የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ምንም ሳይገዛ ወቅቱን ማስገባት ይችላል፤ አንድ እቅፍ ዐደይ በሸክላ እንስራ ውስጥ ሲቀመጥ ከማንኛውም የካርቶን ጌጥ ይበልጣል። ጀሪካኑና የፕላስቲክ ባልዲው በጓዳችን ውኃ ይያዙ፤ ጠቃሚ ናቸው። አበባ ነን ሲሉ ነው ውሸታም የሚሆኑት።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ ነው፤ ምክንያቱም ወዳጅ መስሎ ይመጣል። እርሱም በሆቴሉ ወይም በቢሮው አንድ ማእዘን ላይ ጀበና፣ ጋሻና መሶብ ደርድሮ «ባህላዊ ጥግ» የሚል ስም የሚሰጠው ነው። በቀረው ክፍል ሁሉ የሚቀመጥበት፣ የሚያበራበት፣ የሚጋረድበት ዕቃ ከውጭ የመጣ ነው፤ ባህሉ በጥግ ታስሯል። እኛ የቴአትር ሰዎች ይህን ዓይነቱን ዕቃ እናውቀዋለን። ተዋናዩ የማይነካው፣ ታሪኩ የማይፈልገው፣ መድረኩን ለመሙላት ብቻ የተቀመጠ ዕቃ ነው። መሶብ እንጀራ ሲቀርብበት፣ ሙዳይ ጌጥ ሲኖርበት፣ አገልግል ስንቅ ሲይዝ ሕይወት አለው። በግድግዳ ላይ ቢሰቀልም እንደ ሐረር ሴቶች የሠሪውን ማንነትና የቤቱን ወግ ሊናገር ይገባል። የእጅ ሥራን እንወዳለን እያሉ ከኑሮ አውጥቶ በመስታወት ሣጥን መቆለፍ በክብር መቅበር ነው።

አሁን ወደ ብርሃን እንምጣ፤ ምክንያቱም ብርሃን የሌለበት ቀለም ምንም ነው። ይህን የመድረክ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀይ ቀሚስ የለበሰችውን ተዋናይ በአረንጓዴ መብራት ብናሳያት ቀሚሷ ጥቁር ይሆናል። በቤታችንም የሚሆነው ይኸው ነው። በየጣራችን መካከል ራቁቱን የሚንጠለጠለው ቀዝቃዛ ነጭ አምፖል፣ በካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ብርሃን ስለሚሰጥ የአለላውን ቀይ ያጠቁረዋል፣ የሸክላውን ሙቀት ይነጥቀዋል፣ የሰውንም ፊት የታመመ ያስመስለዋል። 2700 ኬልቪን ገደማ ያለው ሞቃት አምፖል ግን ወደ ጧፉና ወደ ፋኖሱ ብርሃን ይቀርባል፤ በዚያ ብርሃን ሥር የተሠሩት ቀለሞች በዚያ ብርሃን ሥር ይነቃሉ።

ብርሃንን በእጅ ሥራ መግራት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመስቀል ዋዜማ ከየቤቱ የሚወጣው ችቦ በእጅ የታሰረ ብርሃን ነው። በዘመናዊው ሥነ ጥበባችንም በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ሥዕል በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ላይ ተሠርቶ፣ ፀሐይ ራስዋ ሠዓሊ ሆና አዳራሹን እንድትቀባ አድርጓል። ያ ትልቅ ሐሳብ ለምን ወደ ትንሹ ሳሎን አልወረደም? ከስንደዶ የተሰፋ የአምፖል ሽፋን፣ ከቀርከሃ ወይም ከሽመል የተፈለቀቀ ፋኖስ፣ ዙሪያው የተበሳሳ ሸክላ፣ በስስ ሸማ የተጋረደ መብራት ለመሥራት የሚያስፈልገው እጅም ቁሳቁስም በአገር ውስጥ አለ። ቀድሞ የሚያቃጥለው አምፖል ሣርና ጨርቅን ለእሳት ያጋልጥ ስለ ነበር ሰው መፍራቱ ተገቢ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚሸጠው የኤልኢዲ አምፖል ሙቀቱ አነስተኛ በመሆኑ፣ በሽፋኑና በአምፖሉ መካከል በቂ ክፍተት እስከ ተተወ ድረስ ሥራው የሚቻል ሆኗል። ጧፍና ኩራዝ ግን ከሣር ሥራ ይራቁ። የተነከረ አለላም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ፊት ሲሰቀል ይነጣልና ቦታው ይታሰብበት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጠባብ ክፍሎችና ግራጫ የሲሚንቶ ግድግዳዎች ይህን ሞቃት ብርሃን ከሁሉ በላይ ይሻሉ።

እስካሁን ስለ ዕቃው ተናገርን። ዕቃውን ግን የሠራው ሰው አለ፤ የክርክሩ ልብ ያለውም እርሱ ዘንድ ነው። አገራችን የሸማኔውን ሸማ ለብሳ ሸማኔውን የናቀች፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት በልታ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ያለች፣ በቀጥቃጩ ማረሻ አርሳ ቀጥቃጩን ከማኅበር ያራቀች አገር ነበረች። ንቀቱ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ላይሰማ ይችላል። ነገር ግን ለባሕር ማዶው ዕቃ የተለጠፈውን ዋጋ ያለ ቃል የምንከፍል ሰዎች፣ ስፌት ይዛ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሴት ግማሽ ካልቀነስሽ ብለን ስንሟገት ያንኑ ስድብ በብር ቋንቋ እየተናገርን ነው። በሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔ በመወርወሪያው የሠራው ጥበብና በማተሚያ ላይ የታተመው አምሳያው ጎን ለጎን ሲሸጡ፣ ልዩነቱን የማይጠይቅ ምሁርም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም።

ይሁንና የእጅ ሥራ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉ መልካም ነው የሚል ከንቱ ውዳሴ አናቀርብም። ለመንገደኛ ጎብኚ ተብሎ በችኮላ የተሰፋ፣ ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ የሚለቅ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ከነበረው ንድፍ አንድ እርምጃ ያልሄደ ሥራ ሞልቷል። ለዚህም ተጠያቂው ሙያተኛው ብቻ አይደለም፤ ሠዓሊውና ንድፍ አውጪው የሸራ ሥዕልን ብቻ ጥበብ ብሎ ስፌትና ሸክላን «ዕደ ጥበብ» በሚል ዝቅተኛ መደብ አስቀምጦ ዘወር ማለቱ ነው። የተማረው ሥነ ጥበብና ያልተማረ የሚባለው እጅ ባልተገናኙበት አገር ከሁለቱም የሚወለድ የለም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? የባህል አዳራሾችና የስብሰባ መድረኮች የፕላስቲክ አበባቸውን ያንሡ፤ ስለ ባህል የሚናገር ሰው ከሐሰተኛ ጽጌረዳ ጀርባ ሊቆም አይገባውም። መሥሪያ ቤቶች ለግብዣና ለቢሮ ማስጌጫ ከሚመድቡት ገንዘብ የታወቀውን ድርሻ በአካባቢያቸው ላሉ ሙያተኞች በውል ይስጡ፤ ክፍያውም ሥራው ሲጀመር በከፊል ይከፈል። መምህራን ልጆች በእጃቸው ሥለው በየቤቱ ይዘው የሚዞሩትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል፣ በታተመ ካርድ እየተተካ ያለውን፣ ወደ ክፍላቸው ይመልሱ፤ የመፀውን ቀለም አይቶ መቀላቀል የሚማረው ያ ልጅ ነው። ሠዓሊያንና የመድረክ ባለሙያዎች ከስፌት፣ ከሸማና ከሸክላ ሠሪዎች ጋር አንድ ወለል ላይ ተቀምጠው መብራትና መጋረጃ ይንደፉ። በእያንዳንዱም ሥራ ላይ ሠዓሊ በሥዕሉ ግርጌ ስሙን እንደሚጽፍ ሁሉ የሠሪዋ ስም ይጻፍ።

ይህን የሚቃወም ካለ በእነዚሁ ገጾች ላይ ይሟገተን። እስከዚያው ግን መጪው መስከረም ሳይጠባ እያንዳንዱ አንባቢ ሳሎኑን ቃኝቶ በራሱ ቤት ውስጥ የማን ወቅት፣ የማን ቀለም፣ የማን ድካም እንዳለ ይቁጠር። መልሱ ደስ ካላሰኘው ስፌት ሠሪዋ ሩቅ አይደለችም።