ሶዳውን ተዉት፣ ውሃውን ክፈቱ

የማስተምርበት ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተለጥፎ የኖረ ወረቀት ነበር። «አሲድ ከነካህ በሶዳ ውሃ ታጠብ፤ ቤዝ ከነካህ በቀጭን አሴቲክ አሲድ ታጠብ» ይላል። አንድ ቀን ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ የያዘ ጠርሙስ ከአንዲት ተማሪ እጅ አመለጠና አንጓዋ ላይ ፈሰሰ። «ቲቸር፣ ያቃጥላል!» ብላ ስትጮህ እኔ የሶዳውን ቁም ሳጥን ቁልፍ ፍለጋ ሮጥኩ። ቁልፉ ከቴክኒሻኑ ጋር ነበር፤ ቴክኒሻኑ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። ውሃ የሞላ ጀሪካን ከልጅቷ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ አንጓዋ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት። አሴቲክ አሲድ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ቆዳውን ቀላ ያደርገዋል፣ ውሃ መቋጠሩ ሰዓታት ቆይቶ ይመጣል። ወረቀቱን የዚያኑ ዕለት ቀደድኩት። «አሲድን የሚያከሽፈው ቤዝ ነው» የሚለውን እምነት ግን ዛሬም ከባልደረቦቼ አፍ እሰማዋለሁ፤ እነሱም ለተማሪዎቻቸው ያወርሱታል።

እምነቱ የተወለደው የአሲድን መጠን በቤዝ ከምንለካበት ሙከራ፣ ከታይትሬሽን ይመስለኛል። ከመለኪያ ቱቦው፣ ከቡሬቱ፣ ቤዙን ጠብታ በጠብታ እናወርዳለን፣ ሮዝ ቀለም ብቅ ሲል እናቆማለን። የሰው ቆዳ ላይ የት ማቆም እንዳለብን የሚነግር ቀለም ከየት ይመጣል? ምን ያህል አሲድ እንደገባ፣ ምን ያህል ቤዝ እንደሚበቃው ማንም አያውቅም። ቤዙ እንደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለ ኃይለኛ ከሆነ ደግሞ ራሱ ያቃጥላል፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ሙቀትም በሞል ወደ 57 ኪሎጁል ይጠጋል። «ሶዳው ባይካርቦኔት ነው እኮ፤ አያሞቅም» የሚሉኝ አሉ፤ ልክ ናቸው። የእኔ ጠብ ከሚባክነው ደቂቃ ጋር ነው። ውሃ አሲዱን ያቀጥነዋል፣ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ቆዳውንም ያቀዘቅዛል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው አደጋው በደረሰበት ቅጽበት ነው። ሶዳው እስኪፈለግ፣ እስኪመዘንና እስኪበጠበጥ አሲዱ ሥራውን ጨርሷል።

ሁለተኛው ጥፋት «ደካማ አሲድ» የሚለው ስም ላይ ነው። ተማሪው ኦርጋኒክ አሲዶችን የሚያውቃቸው ከጓዳው ነው፤ ከሎሚ፣ ከእርጎ፣ ከአቼቶ። በዚያ ላይ መጽሐፉ «ደካማ» ሲለው ጠርሙሱን እንደ አቼቶ ያየዋል። በኬሚስትሪ ደካማ ማለት ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ አዮን አይከፋፈልም ማለት ብቻ ነው። በአንድ ሞላር አሴቲክ አሲድ ውስጥ ከ1000 ሞለኪውሎች የሚከፋፈሉት 4 ያህል ናቸው። የቀሩት ቻርጅ ስለሌላቸው የቆዳውን ስብ ለማለፍ ይቀላቸዋል። የወጥ ቤቱ አቼቶ 5 በመቶ አካባቢ አሲድ ሲኖረው ያልተበረዘው ጠርሙስ ከ99 በመቶ በላይ ነው። በ16.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደ በረዶ ይረጋል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ ከተማ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ረግቶ ቢገኝ አይገርምም። ያኔ ለማቅለጥ ወደ እሳት የሚያስጠጋው ሰው ያስፈራኛል፤ ትነቱ ከ39 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ እሳት ይይዛል።

ፎርሚክ አሲድ ስሙ ከላቲኑ የጉንዳን ስም የተወሰደ ስለሆነ እንደ ጉንዳን ንክሻ ቀላል ይመስላል። ወደ ደም ሲገባ ግን ደሙን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ሜታኖል የጠጣን ሰው ዓይን የሚያጠፋውም ሜታኖሉ ሰውነት ውስጥ ወደዚሁ አሲድ ሲለወጥ ነው። ኦክሳሊክ አሲድ ጨው የሚመስል ነጭ ዱቄት ነው፤ ከተዋጠ የደሙን ካልሲየም ይዞ ኩላሊትን ይጎዳል። ከሁሉ የሚያታልለው ፌኖል ነው። የነካውን ቦታ ያደነዝዛል፣ ተማሪውም «ተሻለኝ» ብሎ መታጠቡን ያቆማል። ለፌኖል ብቻ ፖሊኤትሊን ግላይኮል የሚባለው ፈሳሽ ካለ መጥረጉ ይመከራል፤ ከሌለ በብዙ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብ ነው።

ለቃጠሎ የሚቀቡት የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላልም ከቤት ተከትለውን ቤተ ሙከራ ድረስ ገብተዋል። አሲዱን ከቆዳው ጋር አሽገው ከማቆየትና ሐኪሙ ቁስሉን እንዳያይ ከመሸፈን በቀር የሚሠሩት የለም። አሲድ ለዋጠ ልጅ ሶዳ ማጠጣት ደግሞ የተጎዳ ጨጓራን በጋዝ መንፋት ነው። እንዲያስታውክ ማድረግም ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል።

በእርግጥ ከባድ ሙግት አለ፤ «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ትምህርት ቤት ምን እናድርግ?» ይሉኛል። ጥያቄው እውነተኛ ስለሆነ አስልቼዋለሁ። ለዓይን ማጠቢያ የሚመከረው ቢያንስ በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ ነው፤ በድምሩ 22.5 ሊትር። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ቧንቧ የተገጠመላቸው ሁለት ጀሪካኖች የአንድ ልጅ ዓይን ለማጠብ ይበቃሉ ማለት ነው። ለሰውነት ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በርሜል ይሙላ። ልብሱ፣ ሰዓቱና ቀለበቱ ውሃው እየፈሰሰ ይውለቁ፤ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሰው የአሲዱን ስም በወረቀት ይዞ ይሂድ።

እኔ አሁን ከሙከራ በፊት ከጠርሙሶቹ አስቀድሜ ጀሪካኖቹን እቆጥራለሁ። ካልሞሉ አሲዱ ከመደርደሪያው አይወርድም። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ሁለት የተግባር ክፍለ ጊዜ ቀርቶብናል፤ ርዕሰ መምህሩ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ወደ ቤተ ሙከራው ወስጄ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አሳየኋቸው።