ስለ ተጐረዱ ስሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ «ወደ ደብረ እሄዳለሁ» ቢል ትኬት ቈራጩ «የትኛው ደብረ?» ይለዋል እንጂ ወንበር አይሰጠውም፤ በሸዋ ደብረ ብርሃንም ደብረ ሲናም ደብረ ሊባኖስም አሉና። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ በታየው ብርሃን ምክንያት የሰየሙትን ከተማ ስም ማንም አይጐርደውም። ያው መንገደኛ ግን ገብረ ማርያም ተብሎ የተጠመቀውን ልጁን በትምህርት ቤት መዝገብ «ገብሬ» ብሎ ሲያስጽፍ፣ ወለተ ጊዮርጊስንም «ወለቴ» ሲያሰኝ ጥቂት እንኳ አያፍርም።

ቅኔ ቤት አንድ ዓመት የተቀመጠ ተማሪ የዚህን ነውር ያውቀዋል። «ገብር» ማለት አገልጋይ ነው፤ ከዘርፉ ጋራ ሲናበብ መድረሻው ግእዝ ሆኖ «ገብረ» ይላል። ዘርፉ ከተቈረጠ ተናባቢው ጌታ እንደ ሌለው ሎሌ ደጅ ላይ ይቀራል። ይባስ ብሎም «ገብረ» ብቻውን ሲነበብ «አደረገ» የሚል ግስ ይሆናል። ማን አደረገ? ምን አደረገ? መላሽ የለም።

«ማቈላመጥ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። እናት «ገብርዬ» ብትል ማን ይከለክላታል? የእናት ቍልምጫ ግን ለምድጃ ዳር እንጂ ለመዝገብ አልተሠራም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን የሚቀበሉት ስም በንስሐም በጸሎትም በፍትሐትም የሚጠሩበት ነው። ዛሬ በከተማ ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቅ ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ «ኃይለ ምናምን ነበረ» ይላል። ርስቱን አውርሷቸዋል፤ ስሙን ግን አያውቁትም።

ሌላው ደግሞ የሠለጠነው ዓለም ስም አጭር ነው ብሎ ይከራከራል። ይህ ሰው የሠለጠነውን ዓለም ስም ተርጕሞ አያውቅም። በስኮትላንድ «ጊልክራይስት» የሚባል የቤተ ዘመድ ስም አለ፤ በጥንቱ በጌሊክ ቋንቋ ትርጓሜው የክርስቶስ አገልጋይ፣ ይኸውም ገብረ ክርስቶስ ነው። ዐረቡም «ዐብዱልቃድር» ሲል የኃያሉ አገልጋይ ማለቱ ነው፤ በባዕድ አገር «አብዱል» ብለው ሲያቋርጡት በገብሬ የደረሰው በእርሱም ይደርሳል። የቤተ ዘመድ ስም የግድ ነው እንዳይባልም አብዛኞቹ አይስላንዳውያን እስከ ዛሬ በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ ከሥልጣኔ ያወጣቸው የለም። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖር ቢደነግግ ሕዝቡ ልማዱን አልለቀቀም።

የአንኮበር መሳፍንትና ነገሥታት ስማቸውን ምሉ አድርገው ይዘው ነበር። አስፋ ወሰን ድንበርህን አስፋ የሚል ትእዛዝ ነው፤ የልጃቸው ወሰን ሰገድ የሚለው ስም ድንበሩ ሰገደ ብሎ ለአባቱ ስም ይመልሳል። ቀጥሎ ሣህለ ሥላሴ፣ ከዚያም ኃይለ መለኮት መጡ። በነሐሴ 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለዱት ምኒልክም በክርስትና ሣህለ ማርያም ተብለዋል። ከእነዚህ ስሞች ግማሹ ቢወሰድ የትውልዱ ምኞት አብሮ ይወሰዳል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተብለው ቢነግሡ የውጭ አገር ጋዜጦች «ሥላሴ» እያሉ ጻፉ፤ ሰውን በአምላክ ስም ጠሩት። ባዕዱስ ቋንቋውን ስለማያውቅ ይቅር ይባላል። በስደት ያለው ኢትዮጵያዊ ግን በቅጹ ላይ በገብረና በማርያም መካከል ባዶ ስፍራ ትቶ «አቶ ማርያም» ሲባል ዝም ይላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለቱን ቃል ገጥሞ አንድ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙዎችም እንዲህ አድርገው ከጣጣው ድነዋል። ያልገጠመው ሰው የልጅ ልጅ ግን ማርያም የቅድመ አያቷ ስም እየመሰላት ታድጋለች።