የእናት ጭን ቀበቶ አይሆንም

ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚመላለሱትን ባጃጆችና ሚኒባሶች የተመለከተ ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሕፃናቱ የሚጓዙት በእናቶቻቸው ጭን ላይ ነው። ልጁን በአንቀልባ አዝሎ ላሳደገ ሕዝብ፣ ከእናት እቅፍ የሚበልጥ መጠጊያ አለ ብሎ መናገር ድፍረት ሊመስል ይችላል። በእግር መንገድ በእርግጥም የለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚከንፍ መኪና ውስጥ ግን የተፈጥሮ ሕግ ለፍቅር አያደላም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በዚህ ፍጥነት መጋጨት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ከመውደቅ አይተናነስም። መኪናው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእናቱ እጅ የሚነጠቀው 140 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ጉልበት ነው። ይህን የሚቋቋም ክንድ የለም። ሁለቱ በአንድ ቀበቶ ቢታሰሩ ደግሞ ይብሳል፤ የእናቲቱ ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል።

ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ ለዓለም አበረከተ። ነገር ግን ቀበቶው ለአዋቂ አካል የተለካ በመሆኑ በሕፃን ላይ ሲውል የሚያርፈው በሆዱና በአንገቱ ላይ ነው። የአገሩ ልጅ ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን በ1960ዎቹ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃናት መቀመጫ ያበጁት ስለዚህ ነው። የጨቅላ ራስ ከባድ፣ አንገቱም ለጋ ነውና የግጭቱን ኃይል መላ ጀርባው ይካፈለዋል።

እኛስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት፣ አገራችን የሕፃናት መቀመጫን የሚያስገድድ ብሔራዊ ሕግ ከሌላቸው ተርታ ተመድባለች። «ድሃ አገር ነን» የሚለው መልስ አያሳምነኝም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ በድንበራችን የሚያልፈውን መኪና ዓይነት ለመለወጥ አንድ ውሳኔ እንደሚበቃ አሳይቶናል። የጎደለው አቅም ሳይሆን ፈቃድ ነው።

በእርግጥ የአውሮፓን ሕግ ቃል በቃል መቅዳት ግፍ ይሆናል። መኪና የሌላትን የጨንቻ እናት «መቀመጫ ይዘሽ ተሳፈሪ» ማለት ቅጣቱን በተጎጂዋ ላይ መጫን ነው። ግዴታው መውደቅ ያለበት በአስመጪው፣ በባለ ንብረቱና በተቆጣጣሪው ላይ ነው። ሚኒባሶቻችን መካከል ለዕቃ ተሠርተው ኋላ ወንበር የተገጠመላቸው አሉ፤ እንዲህ ያለ ወንበር ከነቀበቶው ከወለሉ ጋር በጽኑ ካልታሰረ የሕፃን መቀመጫ የሚያያዝበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ በየሚኒባሱ ቢያንስ ሁለት ወንበሮች ለሕፃናት ተብለው ይሠሩ። ለባጃጅ ደግሞ ዋናው ቀበቶ ፍጥነትን መገደብ ነው።

ንድፉንስ ማን ያውጣው? እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ መሐንዲሶችን ያስመርቃል። የጋሞ ሸማኔም በሙያው የታወቀ ነው። ሆኖም የአገር ልጅ ሥራ መሆኑ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በግጭት ሙከራ ያልተፈተነ መቀመጫ ከባዶ ጭን የባሰ ማታለያ ነው። ለመፈተኛው ገንዘብ የሚመድብ ያስፈልጋል።

ውድ አንባብያን፣ ሕፃን ሰላማዊ ሰልፍ አይወጣም፤ ድምፅም አይሰጥም። አቤቱታውን የምናቀርብለት እኛ ነን። አለዚያ ከአደጋ በኋላ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» እያልን የሰውን ቸልተኝነት ለሰማይ ማስረከባችንን እንቀጥላለን።

ቸር እንሰንብት።