ስለ ቤዝ ድምፅና ስለ ጎረቤት ግድግዳ



ባለፈው ስብሰባችን ስለ ቴፕ ድምፅ የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ መሽቶብን ተበተንን። ከፊላችን «ትልልቁ ስፒከር ከሰፈር ይውጣልን» አለ፤ ከፊላችን ደግሞ «በገዛ ቤቴ ማን ከልካይ አለብኝ» ሲል ተሟገተ። እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም። የመናገር ተራ ስላልደረሰኝ ሐሳቤን በዚህች ሰሌዳ ላይ ላስፍር። ሰፈሩን የሚያውከው አብዛኛውን ጊዜ ቤዝ መኖሩ ሳይሆን አንድ ትልቅ ሳብውፈር ጥግ ላይ ተወሽቆ ብቻውን መጮኹ ነው። በእሱ ፈንታ ሁለት ትንንሾች ፊት ለፊት ቢቀመጡና ዝቅ ቢደረጉ ባለቤቱም ይሰማል፣ ጎረቤትም ይተኛል።

ሳብውፈር የምለው ወፍራሙን ድምፅ ለብቻው የሚያወጣውን፣ በሰፈራችን «ቤዝ» ብቻ ተብሎ የሚጠራውን ሣጥን ነው።

ይህን የምጽፈው ራሴ ጥፋተኛ ሆኜ ስለተገኘሁ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ሣጥን ገዝቼ ሳሎኔ ጥግ አስቀመጥኩ። ከወንበሬ ተቀምጬ ስሰማ ግን ቤዙ የለም ማለት ይቻላል። ሻጩ አታለለኝ ብዬ አማሁትና ድምፁን ጨመርኩ፤ አሁንም ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ በሬን አንኳኩ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ቤት እኮ ድስቱ ሁሉ ይጨፍራል፤ የመድኃኒት ብልቃጤ ከመደርደሪያ ወርዶ ተሰበረ» አሉኝ። (ልጅ የሚሉኝ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ በእርሳቸው አፍ ግን ያምርብኛል።) እንዳላምናቸው ሆኜ ሙዚቃውን እንደከፈትኩ ቤታቸው ገብቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ኧረ ጉድ! የገዛሁት ቤዝ ከእኔ ወንበር ይልቅ እትዬ ትራስ ላይ ነበር አጥርቶ የሚሰማው።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ በሰከንድ 34 ጊዜ የሚርገበገብ የቤዝ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 10 ሜትር ነው። የእኔ ሳሎን ርዝመቱ 5 ሜትር ስለሆነ ግማሹ ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሲገጥም ከግድግዳው እየተመለሰ በራሱ ላይ ይደራረብና በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች ሥር ይጎላል፤ መኻል ላይ ይሞታል። የእኔ ወንበር ያለው መኻል ላይ፣ የእትዬ አልጋ ያለው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ ያበርደዋል፤ ወፍራሙ ግን ጭቃም ይሁን ብሎኬት ብዙ ሳይቸገር ያልፋል፣ የላላ ቆርቆሮና ሚስማር ካገኘም ያንገጫግጫል። እኔ መኻል የሞተውን ላስነሣ ድምፁን በጨመርኩ ቁጥር ጎርፉ የሚሄደው ወደ እርሳቸው ነው።

ሁለተኛ ሣጥን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ ይህ ይለወጣል። በገበቴ ያለ ውኃን ከአንድ ወገን ብቻ ብትገፉት ከጫፍ ጫፍ ይዋዥቃል። ሁለት ሰው ከሁለቱም ጫፍ በመዳፉ እኩል ቢገፋው ግን ያ ዓይነት መዋዠቅ መነሻ አያገኝም። ሁለቱ ሣጥኖችም እንዲሁ ናቸው። ሃርማን በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ቶድ ዌልቲ የተባለ ባለሙያ «ስንት ሳብውፈር ይበቃል?» ብሎ ብዙ ዓይነት አቀማመጥ አነጻጽሮ ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. አቅርቧል። በፊት ለፊት ግድግዳዎች ወገብ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሣጥኖች ከአራት ብዙም እንደማያንሱ፣ ከአራት በላይ መደርደር ደግሞ ትርፉ ትንሽ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ አሥር ሣጥን ደርድሩ የሚላችሁ ካለ ሊሸጥላችሁ ነው።

ሁሉም ጣጣ ያልቃል አልልም። ከዚያ እጥፍ በሚርገበገበው ድምፅ ላይ ሌላ ጉብታና ጉድጓድ ይቀራል። ሁለት ሣጥን ገዝቶ መቆጣጠሪያውን እንደ ቀድሞው ከፍቶ መተው ደግሞ ከአንዱ የባሰ ጥፋት ነው፤ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው መውረድ አለባቸው። ሽቦውንም ልብ በሉ። የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በሁለቱ መኻል የተቀመጠ ሰው «ሁለት ገዝቼ ጭራሽ ጠፋ» ይላል። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ ብያለሁ።

ለሁለት የሚሆን ገንዘብ የሌለው፣ ብዙዎቻችንም እንዲያ ነን፣ ያለውን አንዱን ከጎረቤት ጥግ ያንሣው። ሣጥኑን ለጊዜው ራሱ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ያውጣና ሙዚቃ ከፍቶ በግድግዳው ሥር ሥር ዝቅ ብሎ እየዞረ ያዳምጥ። ቤዙ ሳይጎላም ሳይጠፋም እኩል የሚሰማበትን ቦታ ሲያገኝ ሣጥኑን እዚያ ያስቀምጥ። ልጆች ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ።

«ቤዝ የጎረምሳ ጩኸት ነው፤ ይከልከል» ላሉት ታላላቆቻችን ደግሞ ቅር እንዳይላቸው እንጂ አልስማማም። የከበሮው ሰፊ አፍና የበገናው ወፍራም ጅማት ምንድን ናቸው? የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረውን ከሥር ብታወጡት ከዘፈኑ ግማሹ ይጎድላል። በደንብ የተሰማ ቤዝ ደስታ ነው፤ እኔ ልተወው አልፈልግም።

ሆኖም «በገዛ ቤቴ» የሚለውንም አልቀበልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅ መመዘኛ እንዲወጣለት ያዝዛል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የወጣውም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የተለመደው መለኪያ ግን ወፍራሙን ድምፅ አቅልሎ ስለሚመዝነው ቁጥሩ አልፏል አላለፈም እያልን መካሰሱ ብዙ አይረዳንም። ደግሞም እዚህ ነፋስ መውጫ ላይ ወፍራም ድምፅ ከሙዚቃም ሌላ ነገር ነው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ የሰማነውን ዱምዱምታ ያልረሳን ብዙ ነን። ሌሊት ግድግዳው እመር ሲል ዘፈን ይሁን ሌላ ሳይለይ ከአልጋው የሚነሣ ሰው በየቤቱ አለ። እትዬም ቆይተው የነገሩኝ ይህንኑ ነው፤ ያስቆጫቸው ብልቃጡ አልነበረም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ክልከላ ከመወሰናችን በፊት ሣጥን ያለው ሁሉ ግድግዳ ከሚጋራው ሰው ጋር አንድ ምሽት ቤት ይቀያየር፤ የራሱን ሙዚቃ ከማዶ ሆኖ ይስማው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቤዙ ጭራሽ ይጥፋ፤ በዚህ እኔም እገዛለሁ። ሣጥኑን ማዛወር የሚፈልግ ካለ ሜትርና ትርፍ ሽቦ እኔ ዘንድ ስላለ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይጥራኝ፤ ቡና ካለ እሰየው፣ ከሌለም እመጣለሁ።

ከአንድ የሰፈሩ ነዋሪ