ያለቀ ጉልበት ታጥቦ አይመለስም

ሰሞኑን በየጤና ቡድኑ አንድ ወሬ በዝቷል። «እገሌ ጉልበቱን ሊያሳጥብ ነው፣ እናዋጣለት!» ማዋጣቱ ደግ ነው፣ እኔም አዋጣለሁ። ግን ጎበዝ፣ ብሩ ለምን እንደሚወጣ እንጠይቅ እንጂ!

«እጥበት» የሚሉት በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ጉልበትን በውሃ ማጠብና የተቦጫጨቀውን መጥረግ ነው። 30 ዓመት ኳስ ሲያሳድድ የኖረ የ55 ዓመት ሰው ችግሩ ግን ቆሻሻ አይደለም። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ነው ያለቀው። ያለቀ ነገር ስላጠቡት ይመለሳል እንዴ?

ክፍል ውስጥ «ማስረጃ አምጡ» እላችሁ አልነበር? ይኸው። በ2002 ከአሜሪካ ሂዩስተን አንድ ጥናት ወጣ። 180 ሕመምተኞች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ታጠበ፣ አንዱ ተጠረገ፣ የሦስተኛው ቆዳ ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው የታጠቡትም የተጠረጉትም ቆዳቸው ብቻ ከተበጣው አልተሻሉም። በ2017 ደግሞ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው የባለሙያዎች መመሪያ ይህ ቀዶ ጥገና ለተበላ ጉልበት እንዳይሠራ አጥብቆ መክሯል።

«እገሌ ግን ተሻለው እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። ቆዳቸው ብቻ የተበጣውም ቀለል ብሎናል ብለዋል!

ቀዶ ጥገና ከንቱ ነው አልወጣኝም። እግሩ ለጎበጠና አንድ ጎኑ ብቻ ለተበላ፣ ገና ብርቱ ለሆነ ሰው አጥንቱን ቆርጦ ማቃናት አለ፤ ሸክሙ ወደ ደህናው ጎን ይዞራል። የተበላውን ጎን ብቻ መቀየርም አለ። ሁሉም ካለቀ ሙሉ ጉልበት ይቀየራል፤ ከ10 ሰዎች የ8ቱ 25 ዓመት ገደማ ያገለግላል። በተቀየረ ጉልበት መራመድ፣ መዋኘት፣ ብስክሌት መንዳት ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ገብቶ መጋጨት ግን ይቅር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ክብደት መቀነስ አለ። የምንንቀው ርካሽ ስለሆነ ነው?

አዲስ ጉዳት የደረሰበት ወጣት ጉዳይ ሌላ ነው፣ እሱን አታምታቱብኝ።

ውጭ አገር ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ብር ላኩ ስትባሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቆሞ የተነሣው ራጅ ምን ይላል? ፊዚዮቴራፒ ስንት ወር ሠራ? የታሰበው ቀዶ ጥገና የትኛው ነው? የመጨረሻው መልስ «እጥበት» ከሆነ ብሩን አትከልክሉ፤ «ለፊዚዮቴራፒ ይሁን» በሉ።

ለየጤና ቡድናችሁ አድርሱልኝ።