ሮንዱ የማይደርስበት

በማዕከላዊ ጃቫ ገጠር ብዙ ቤቶች ደጃፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተንጠልጥላ ትታያለች። ቦታው ቀርከሃ የበዛበት ከሆነ የተቆረጠ የቀርከሃ አንጓ ናት፤ ካልሆነም አሮጌ ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ስኒ። ማታ የቤቱ እመቤት ቁንጥር ሩዝ ጨምራባት በሯን ዘግታ ትተኛለች። ሌሊት ተራ የደረሳቸው ወንዶች ባትሪ እያበሩ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ሩዟን ከረጢት ውስጥ እየገለበጡ ያልፋሉ። ጂምፒታን ይሉታል። የተጠራቀመው ይሸጥና ለታመመ መጠየቂያ፣ ለመንገድ መብራት፣ ለለቅሶ ወንበር መግዣ ይውላል። ዛሬ በብዙ ቦታ በሩዙ ፋንታ የ500 ሩፒያ ሳንቲም ይቀመጣል።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የገረመኝ የነገሩ ብልሃት ነው። ሮንዱ ሩዟን ለመውሰድ የግድ እያንዳንዱ ደጃፍ መድረስ አለበት። ሲደርስ የተረሳ በር ያያል፣ ውጭ ያደረ ሞተር ሳይክል ያያል፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ሲያቃስቱ ይሰማል። ጠዋት ሩዝ ያልተነሳላት ስኒ ከተገኘች ደግሞ ሮንዱ የጥበቃ ዳሱ ውስጥ ተኝቶ እንዳደረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዘበኛውን የሚቆጣጠር ቁንጥር ሩዝ! እኛ አዲስ አበቤዎች በግንብ አጥር ላይ ጠርሙስ ሰባብረን ተክለን፣ ዘበኛ ቀጥረን፣ ዘበኛው ይተኛ ይሆን እያልን ስንገላበጥ እናድራለን።

ዳሱ ጋርዱ ይባላል። መንደሩ መግቢያ ወይም መገናኛ መንገድ ላይ የቆመ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መደብ ነው። ቡና ይፈላበታል፣ ሲጋራ ይጨስበታል፣ ዶሚኖ ይጫወቱበታል፤ የማን ልጅ ማንን ሊያገባ እንደሆነ የሚሰማውም እዚያ ነው። ከጣሪያው ሥር ከንቶንጋን ተሰቅሏል፤ ሆዱ የተቦረቦረ ግንድ ወይም ቀርከሃ ነው። በዝግታ ሲመታ ሰላም ነው ተኙ ማለት ነው። ሳያቋርጥ እየተጣደፈ ከተመታ ሌባ ገብቷል፣ ቤት እየተቃጠለ ነው ወይም ጎርፍ መጥቷል፤ ያኔ ወንድ የተባለ ሁሉ ቆንጨራውን ይዞ ይወጣል።

ይህን የመንደር ፍቅር ብቻ አድርጎ የሚያወራ ሰው ግን ታሪኩን ዘሎታል። ጃፓኖች ኢንዶኔዥያን ከ1942 እስከ 1945 በያዙበት ጊዜ (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጎረቤታሞችን በጥቂት በጥቂት አባወራ ከፋፍለው አደራጁ። እነርሱ ሲወጡ አደረጃጀቱ ግን ሳይፈርስ ቀረ። ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮንዱን ሲስካምሊንግ በሚል ስም የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። እንግዳ ያሳደረ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ የሚለው ሰሌዳ ዛሬም በየመንደሩ መግቢያ ተተክሎ ይነበባል። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሮንድ የወጣ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሌባ የሚጠብቅ ዓይን ጎረቤቱንም ይጠብቃል፤ ማን ከማን ጋር አመሸ፣ የማን ቤት ስብሰባ ነበር።

ፍርሃት ሲገባበት ደግሞ ያው ዓይን ሰው ይበላል። በ1998 ሱሃርቶ በወደቀበት ዓመት፣ በምሥራቅ ጃቫ በባንዩዋንጊ ድግምተኛ ናቸው የተባሉ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ገዳዮቹ ጥቁር የለበሱ ኒንጃዎች ናቸው የሚል ወሬ ተነዛና በየመንደሩ ጥበቃው ተጠናከረ። ከዚያ በኋላ መልስ መስጠት ያቃተው መንገደኛ ሁሉ፣ የአእምሮ ሕመምተኛም ጭምር፣ ኒንጃ ነህ እየተባለ ተደበደበ፣ የተገደለም ነበር። አሁንም ቢሆን የተያዘ የከብት ሌባ ከፖሊስ በፊት መንደርተኛው እጅ ከገባ ከሞት መትረፉ ያጠራጥራል።

ለከብት እንዲህ የሚቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ላሟ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ናት፣ የሠርግ ወጪ ናት፣ ባንክ ናት። በ2010 ሜራፒ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከ350 በላይ ሰው ሞቷል። ወደ መጠለያ የወረዱት ገበሬዎች ቀን ቀን ሣር ለማጨድና ላሞቻቸውን ለመመገብ ወደ ተራራው ይመለሱ ነበር። መንግሥት ከብቱን እገዛችኋለሁ እስከማለት ደረሰ። ከተማ ተቀምጦ እነዚህን ሰዎች ሞኝ ማለት ቀላል ነው፤ ነፍስና ንብረት ለየብቻ የሚቆጠሩት ንብረቱ ሲተርፍ መሆኑን ግን ልብ ልንል ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ እንቅልፍ የሚነሳኝ የአይጡ ሽቦ ነው። በስራገን፣ በንጋዊ፣ በቦጆነጎሮ የሩዝ ማሳ ላይ አይጥ ሲበዛ አንድ ቤተሰብ የደከመበት አዝመራ በጥቂት ሌሊት እንዳልነበረ ይሆናል። መርዙ አልሠራ ሲል፣ ጭሱ አልሠራ ሲል፣ ገበሬው አጫጭር የቀርከሃ ችካሎች በድንበሩ ዙሪያ ይተክላል። ልባስ የሌለው ሽቦ አይጧ ስትሻገር ሆዷን በሚነካ ከፍታ፣ ከጭቃው ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጎ ይዘረጋል። ጫፉን ከቤቱ መስመር ላይ ይቀጥለዋል፤ 220 ቮልት በውሃ በተሞላ ማሳ ዙሪያ! ሠርክ ላይ ያበራዋል፣ ማለዳ ያጠፋዋል። ማጥፋቱን የረሳ ዕለት፣ ወይም አጥፍቻለሁ ብሎ በባዶ እግሩ የገባ ዕለት፣ ጭቃው ውስጥ ወድቆ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ሟቹ ራሱ ባለማሳው ነው። አንዳንዴ ውሃ ለመልቀቅ የመጣ ጎረቤት ይሆናል፤ ያኔ ባለማሳው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይጠየቃል። በስራገን ብቻ ባለፉት ዓመታት በዚህ መንገድ የሞቱት ጥቂት አይደሉም። ፖሊስ ከልክሏል፣ ሽቦው ግን አሁንም ይዘረጋል።

በደማክ አውራጃ የምትገኘው ትሎጎዌሩ የምትባል መንደር ሌላ ዘዴ ይዛለች። በማሳው መካከል በረጃጅም ምሰሶ ላይ የጉጉት ቤት ሠራች። ጃቫዎች እንደኛው ጉጉትን የሞት መልእክተኛ አድርገው ይፈሯት ነበር፤ መንደሪቱ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ አሟርተኛይቱን ወፍ አይጥ አዳኝ አደረገቻት። እንግዲህ የሌሊት ጥበቃ ከተባለ እንዲህ ያለው ነው የሚያስመሰግነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከንቶንጋን ቢመታለት ወይም መንደርተኛው ቢመክርበት መላ የሚገኝለት ነው። መሬቱ ሲወሰድ ግን ከንቶንጋን የሚመታ የለም፤ መሬት የሚሄደው በወረቀት ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

የ1960ው የመሬት ሕግ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ቢያንስ 2 ሄክታር ይኑረው ብሎ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ1964 የኮሙኒስት ፓርቲው ገበሬ ማኅበር ሕጉ ካልተፈጸመ ራሳችን እንፈጽመዋለን ብሎ ተነሳ። በ1965 እና በ1966 በተከተለው ጭፍጨፋ፣ በታሪክ ጸሐፊዎች ግምት፣ ግማሽ ሚሊዮን ወይም ከዚያ በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ከቤታቸው በሌሊት የተወሰዱ የገጠር ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ መሬት ድልድል አፉን ሞልቶ የሚናገር ገበሬ ለረጅም ዘመን አልተሰማም። በ2023ቱ የግብርና ቆጠራ ከግማሽ ሄክታር በታች ያላቸው ቤተሰቦች 16.89 ሚሊዮን ሆነው ተገኙ። ከአሥር ዓመት በፊት 14.25 ሚሊዮን ነበሩ።

ለዚያች ለግማሽ ሄክታር እንኳ ማስረጃው ብዙ ጊዜ አሮጌ የግብር ደረሰኝና በመንደሩ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ አንድ መዝገብ ነበር። በ2015 በአገሪቱ ካሉት 126 ሚሊዮን ቁራሽ መሬቶች የባለቤትነት ማረጋገጫ ያላቸው 46 ሚሊዮኑ ብቻ ነበሩ። የያኔው ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን እየሰጠን ከሄድን 160 ዓመት ይፈጅብናል እያለ በየአደባባዩ ይናገር ነበር፤ እውነትም ከ2017 ጀምሮ ሥራውን በሚሊዮኖች አፋጠነው። አላናንቅበትም። ማረጋገጫው ያልደረሰው ሰው ግን የመሬቱ ልክና ወሰን ምን እንደሆነ የሚመሰክርለት ያው የመንደሩ ሹም ነው። ሹሙ በጃቫ ልማድ ለደመወዙ ቤንግኮክ የሚባል የመንደር መሬት ይበላል፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከማዕከላዊ መንግሥት በየዓመቱ የሚላከውን የመንደር በጀት ያዛል። መዝገቡም፣ ገንዘቡም፣ ማኅተሙም አንድ ሰው ጋ ነው።

ሹሙ ሲከፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ሉማጃንግ አውራጃ ሴሎክ አዋር አዋር መንደር መሄድ ይበቃል። በባሕሩ ዳር ሕገወጥ አሸዋ ሲቆፈር የጨው ውሃ ወደ ሩዙ ማሳ ገባ። ሳሊም ካንቺል የተባለ ገበሬና ጓደኞቹ ተቃወሙ። ሲዛትባቸው ለፖሊስ አመለከቱ። መስከረም 26 ቀን 2015 ጠዋት ሰዎች መጥተው ሳሊምን ከቤቱ ጎትተው ወደ መንደሩ አዳራሽ ወሰዱት፤ እዚያ አሰቃዩት፣ በኋላም ገደሉት። ከቁፋሮው ጀርባ የነበረው የመንደሩ ሹም 20 ዓመት ተፈረደበት። ያን ጠዋት ለማን ከንቶንጋን ይመታ ነበር? አዳራሹ የሹሙ ነው።

መንደር ያልሰማውን ጃካርታ ይሰማል ብለው የሄዱም አሉ። የከንዴንግ ተራራ ሴት ገበሬዎች የሲሚንቶ ፋብሪካ የምንጫችንን ውሃ ያደርቅብናል ብለው በሚያዝያ 2016 በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እግራቸውን በሲሚንቶ ሞልተው ተቀመጡ። በጥቅምት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። በየካቲት 2017 የክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥ ለዚያው ፋብሪካ አዲስ ፈቃድ ሰጠ። በመጋቢት ተመልሰው እግራቸውን በሲሚንቶ ሞሉ፤ ከተቃዋሚዎቹ መካከል አንዲት የ48 ዓመት ገበሬ በዚያው ሰሞን ልቧ ቆሞ ሞተች።

በጥር 2023 ደግሞ ሌሎች የገጠር ሰዎች ጃካርታ ፓርላማው በር ላይ ሰልፍ ወጡ። የመንደር ሹሞች ናቸው። የሥልጣን ዘመናችን ከ6 ወደ 9 ዓመት ይራዘምልን አሉ። እነዚህስ ተሰሙ፤ በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ 8 ዓመት ሆነላቸው። ሁለት ጊዜ የተመረጠ ሹም እንግዲህ መዝገቡን 16 ዓመት ይዞት ይቀመጣል።