መኪና ሻጭ ስለ እግረኛም ያስብ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር አሥር ሺህ ያህል ሰዎች ሮጠው አንደኛ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ኃይሌ በኋላ በመኪና ንግድም ተሰማርቶአል፤ በሩጫውም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰባል። እንግዲህ ንግድና በጎ ሥራ የግድ አይጣሉም።

በከተማችንም አንድ የመኪና መሸጫ ለችግረኞች መርጃ በተደረገው የእግር ጉዞ ላይ ከናቴራና ውሃ አደለ። ጓደኞቼ «ለማስታወቂያ ነው» ብለው ነቀፉት። እኔ በበኩሌ አልነቅፈውም፤ የተጠማ ሰው የሰጪውን ልብ መርምሮ አይጠጣምና።

ቅር ያለኝ ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ በትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። በሥፍራው የእግረኛ ማቋረጫ መስመር አልተቀባም። የከናቴራው ወጪ እኮ ለብዙ ጣሳ ነጭ ቀለም ይበቃ ነበር!

ስለዚህ ነጋዴው በሚመጣው ዓመት ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተመካክሮ ቀለሙን ይግዛ፤ እኛ ተማሪዎችም ብሩሽ ይዘን እንውጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። መኪና የሚሸጥ ሰው የሚገዛውን ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚሻገረውንም ሕፃን ሊያስብ ይገባዋል።